አዲሱ የዲኤንዲ መምሪያ፦ ሒሳቡ ቀሏል፣ ሚዛኑ ግን አሁንም የዲኤሙ ሥራ ነው

በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ደንጀን ማስተርስ ጋይድ» የገዛሁት ለአንድ ክፍል ስል ነው። መጽሐፉ 384 ገጽ አለው። የሽፋን ዋጋው 49.99 ዶላር ነው። እኔን ያጓጓኝ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጥቂት ገጽ ብቻ ነበር። ፍልሚያ እንዴት እንደሚመዘን፣ ከፍልሚያውም በኋላ ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) እንዴት እንደሚታደል የሚናገረው ክፍል። ስለዚህ ይህ ግምገማ የመጽሐፉ ሁሉ ሳይሆን የዚያ ክፍል ግምገማ ነው።

ዲኤንዲን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ዲኤም ይሆናል። ታሪኩን ይተርካል፣ ጭራቆቹን ያንቀሳቅሳል፣ ሕጉን ይዳኛል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ። አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ጭራቅ በተሸነፈ ቁጥር ኤክስፒ ይሰበሰባል፣ ኤክስፒው ሲሞላ ደግሞ ሌቭል ይወጣል።

ለዲኤም ከባዱ ሥራ ስንት ጭራቅ፣ ምን ዓይነት ጭራቅ ላምጣ የሚለው ነው። ጭራቁ ከደከመ ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል። ከበረታ ደግሞ አንድ ሰው ለወራት ሲያሳድገው የከረመው ገጸ ባሕርይ በአንድ ምሽት ይሞታል። ሰው ከልቡ ያዝናል። ስም አውጥቶለታል፣ ታሪክ ጽፎለታል፣ እናቱ ማን እንደሆነች ሳይቀር ያውቃል። ለዚህ ነው የሚዛኑን ጉዳይ እንደ ቀልድ የማላየው።

የምንጫወተው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ እኔ ቤት ነው። አምስት ተጫዋቾች አሉኝ። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ ሹፌር ነው። አንዱ ኮሌጅ የሚማር የአክስቴ ልጅ ነው። የቀሩት ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፣ ትንሽ ልጅም አላቸው። ጨዋታው በአማርኛ ነው። የድግምቱ ስምና የሕጉ ቃላት ብቻ እንዳሉ በእንግሊዝኛ ይገባሉ። ቅዳሜ ማታ እንሰበሰባለን፣ የነርሷ ሺፍት ከፈቀደ። እራት ተበልቶ፣ የሳምንቱ ወሬ ተወርቶ፣ ልጁ ተኝቶ ጨዋታው ሲጀመር ከአንድ ፍልሚያ በላይ ጊዜ አይኖርም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የድሮው መንገድ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በ2014ቱ የዚሁ መምሪያ እትም ፍልሚያ አራት ደረጃ ነበረው፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ ገዳይ። ለእያንዳንዱ ሌቭል የኤክስፒ ልክ ተቀምጦለታል። ሌቭል 1 ላይ ለአንድ ሰው 25፣ 50፣ 75 እና 100 ነው። ዲኤሙ የጭራቆቹን ኤክስፒ ይደምራል። ከዚያ ደግሞ እንደ ጭራቆቹ ብዛት ያባዛዋል። ሁለት ከሆኑ በ1.5፣ ከ3 እስከ 6 ከሆኑ በ2፣ ከ7 እስከ 10 ከሆኑ በ2.5፣ እንዲህ እያለ 15 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በ4። ሐሳቡ ትክክል ነው። ብዙ እጅ ብዙ ጊዜ ይመታልና። አራት ደካማ ጭራቅ በየዙሩ አራት ጊዜ ይመታል፤ ከአንድ ብርቱ ጭራቅ ይልቅ እነሱ ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

ችግሩ ያ የተባዛው ቁጥር ለሽልማት አለማገልገሉ ነበር። ለክብደቱ አንድ ቁጥር አለ፣ ለሽልማቱ ሌላ ቁጥር አለ። አራት ጎብሊን እያንዳንዱ 50 ነው፣ በድምሩ 200። ክብደቱ ሲሰላ 400 ይሆናል። ተጫዋቾቹ ግን የሚካፈሉት 200 ነው። የአክስቴ ልጅ ሒሳብ ይወዳል፤ እሱም እንኳን «አራት መቶ የሚያህል መከራ አሳይተኸን ሁለት መቶ ትከፍለናለህ?» ብሎ ይሟገተኝ ነበር። እውነት ለመናገር ጥያቄው ልክ ነው። ፍልሚያው በእርግጥ ያንን ያህል ከባድ ከሆነ፣ ሽልማቱ ለምን አያንፀባርቀውም?

የ2024ቱ መጽሐፍ ይህንን ጥያቄ ዘግቶታል። ማባዣው የለም። ደረጃዎቹ ሦስት ሆነዋል፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በጀት ይሰጣል። ሌቭል 1 ላይ 50፣ 75፣ 100። ሌቭል 2 ላይ 100፣ 150፣ 200። ሌቭል 3 ላይ 150፣ 225፣ 400። በጀቱን በተጫዋቾቹ ቁጥር ታባዛላችሁ፣ በዚያ ጭራቅ «ትገዛላችሁ»፣ አለቀ። ያወጣችሁት በጀት ራሱ ተጫዋቾቹ የሚካፈሉት ኤክስፒ ነው። ዝግጅቴን ካልኩሌተር ሳልይዝ፣ ስልክ ላይ አፕ ሳልከፍት እጨርሳለሁ። ለዚህ ብቻ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል።

አዲስ ፈጠራ ግን አይደለም። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም እንዲሁ ያለ ማባዣ በኤክስፒ በጀት ይሠራ ነበር። ያንን እትም ብዙ ሰው አልወደደውም፤ ይህ ነገሩ ግን ጥሩ ነበር፣ መመለሱ ደስ ይላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ።

ሰንጠረዦቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከሌቭል 1 እስከ 5 ብታዩ፣ የዛሬው «ዝቅተኛ» የድሮው «መካከለኛ» ነው። የዛሬው «መካከለኛ» የድሮው «ከባድ» ነው። የዛሬው «ከፍተኛ» የድሮው «ገዳይ» ነው። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ ስሞቹ ወርደዋል። ከዚያ ላይ ማባዣው ተነሥቷል። ሁለቱ ሲደመሩ ብዙ ጭራቅ ያለበት ፍልሚያ ከስሙ እጅግ የከበደ ይሆናል።

ምሳሌ ልስጥ። አምስት ሌቭል 1 ገጸ ባሕርያት አሉ። የዝቅተኛው በጀት 250 ነው። ኮቦልድ የሚባለው ትንሽ ጭራቅ አንዱ 25 ነው። ስለዚህ አሥር ኮቦልድ ልክ በልክ «ዝቅተኛ» ፍልሚያ ነው። በድሮው ሒሳብ ግን 250 በ2.5 ተባዝቶ 625 ይሆናል፣ የአምስቱ የ«ገዳይ» ልክ ደግሞ 500 ነው። አንዱ መጽሐፍ ዝቅተኛ የሚለውን ሌላው ከገዳይ በላይ ይለዋል። የትኛው ለእውነቱ ይቀርባል?

ዳይሱን እንይ። የ2014ቱ ኮቦልድ ሲመታ በባለ 20 ፊቱ ዳይስ ላይ 4 ይጨምራል። ጓደኛው ከጎኑ ካለ ደግሞ ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። መከላከያው 15 የሆነን ሰው ከአራት ምት ሦስቱን ያገኘዋል ማለት ነው። በአማካይ አራት ተኩል ጉዳት ያደርሳል። አሥሩ ሁሉ ባይደርሱ፣ ስድስቱ ብቻ ቢደርሱ፣ በአንድ ዙር 20 ገደማ ጉዳት ነው። ሌቭል 1 ያሉ አምስት ሰዎች የሁሉም ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ተደምሮ 50 አካባቢ ነው። ዊዛርዱ (ድግምተኛው) ብቻውን 8 አካባቢ ነው ያለው። ቡድኑ መጀመሪያ ተራ ካላገኘ፣ ወይም ሁሉንም በአንዴ የሚያስተኛ ድግምት ከሌለው፣ ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ መሬት ላይ የወደቀ ሰው ይኖራል። ይህ «ዝቅተኛ» አይደለም።

መጽሐፉ ነገሩን ጨርሶ አልዘነጋውም። ጭራቆቹ ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ ከሆኑ ቶሎ የሚሞቱትን ምረጥ ይላል። በተለይ ሌቭል 1 እና 2 ላይ ተጠንቀቅ ይላል። ሲአሩ (የብርታት መለኪያ ቁጥሩ) ከቡድኑ ሌቭል የሚበልጥ ጭራቅ በአንድ ምት ሰው ሊጥል እንደሚችልም ያስጠነቅቃል፤ ኦገር የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ ሌቭል 1 ዊዛርድን በአንድ ዱላ ሊገድል እንደሚችል ራሱ በምሳሌ ይጠቅሳል። ጥሩ ምክሮች ናቸው። የእኔ ምሳሌ ግን ለአንድ ሰው ልክ ሁለት ኮቦልድ ነው፣ ቶሎ የሚሞቱም ናቸው። ምክሩን ሁሉ አክብሮ የሚያልፍ ፍልሚያ ነው። አዲስ ዲኤም ሰንጠረዡን አምኖ ቢያቀርበው ምንም አያስጠነቅቀውም።

ሌቭል 3 ላይ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ አለ። ከመካከለኛ ወደ ከፍተኛ ያለውን ዝላይ ተመልከቱ። ሌቭል 2 ላይ ከ150 ወደ 200 ነው። ሌቭል 4 ላይ ከ375 ወደ 500። ሌቭል 3 ላይ ግን ከ225 ወደ 400! እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለአምስት ሰው ከፍተኛው 2000 ነው። ኦገር 450 ነው። አራት ኦገር 1800 ነው፣ በጀቱ ውስጥ ተመችቶት ይገባል። በድሮው ሒሳብ ያው ፍልሚያ 3600 ነው፣ የገዳይ ልኩ 2000 ሆኖ ሳለ። ኦገር አንዴ ሲመታ በአማካይ 13 ጉዳት ነው። ሌቭል 3 ዊዛርድ 20 ገደማ ኤችፒ ነው ያለው። ሁለት ዱላ ካረፈበት ወደቀ።

በአንድ ነገር ፍትሐዊ ልሁን። በ2024ቱ ሕግ ገጸ ባሕርያቱም በርትተዋል። ገና ሌቭል 1 ላይ ሁሉም አንድ «ፊት» (feat፣ ልዩ ችሎታ) ያገኛል፣ ተዋጊዎቹ ደግሞ በመሣሪያቸው ጠላትን የሚጥሉበት ወይም የሚገፉበት ዘዴ ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የበጀቱ መጨመር ግማሽ ምክንያቱ ይገባኛል። ሌቭል 5 እና ከዚያ በላይ ስትደርሱ እንዲያውም ሰንጠረዡ ያምራል፤ ቡድኑ ሲጠነክር ብዛት እንደ መጀመሪያው አያስፈራም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከ1 እስከ 3 ነው። የሚያሳዝነው አዲስ ዲኤም እና አዲስ ተጫዋች የሚጀምሩት እዚያው መሆኑ ነው።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ለሽልማት የአዲሱን ቁጥር እወስዳለሁ። ለክብደት ግን እስከ ሌቭል 3 ድረስ የድሮውን ማባዣ ጎን ለጎን አያለሁ። ጭራቆቹ ከተጫዋቾቹ ቁጥር ከበለጡ በአንዴ አላመጣቸውም። ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ይደርሳል። ቡድኑ ከተዳከመ የዘገዩት ይዘገያሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ጥሩምባ የሰማ ሁሉ እኩል አይደርስም።

ሳልረሳው ስለ ጅብ አንድ ነገር። በ2014ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ተራ ጅብ ሲአሩ 0 ነው፣ 10 ኤክስፒ ብቻ። አዲስ አበባ ዳር ያደገ፣ ሌሊት የጅብ ጩኸት እየሰማ የተኛ ሰው ይህ አይዋጥለትም። ሹፌሩ ጓደኛችን ሲሰማ ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ስለዚህ እኔ ጠረጴዛ ላይ ጅብ ሲመጣ የግዙፉን ጅብ ቁጥር ነው የምጠቀመው፣ ሲአር 1፣ 200 ኤክስፒ። ሌቭል 1 ላይ አንድ ብቻውን በር ላይ ሲቆም ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ሁለት ሲሆኑ 400 ነው፣ ለአምስት ሰው ከመካከለኛው በጀት ትንሽ ያልፋል። ልክ የምፈልገው ስሜት ነው። አንድ ጭራቅ ለተጫዋቾቻችሁ የሚሰጠው ፍርሃት እና መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ካልተገናኙ ሌላ ቁጥር ከመዋስ አትፍሩ።

አሁን ወደ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር።

የ2014ቱ መጽሐፍ አንድ ቡድን በአንድ ቀን ውስጥ ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ ይችላል ይል ነበር። «ቀን» ሲል የጨዋታውን ቀን ነው፣ ከአንድ ረጅም እረፍት (ኤችፒና ድግምት ከሚመለስበት እንቅልፍ) እስከሚቀጥለው ድረስ ያለውን። ለቀኑ የሚሆን የኤክስፒ ሰንጠረዥም ነበረው፣ ሌቭል 3 ላይ ለአንድ ሰው 1200። ብዙ ሰው ተማርሮበታል። ማን ነው በአንድ ቀን ስምንት ፍልሚያ የሚያስተናግድ? አዲሱ መጽሐፍ ሰምቶ አወጣው። አወጣውና በቦታው ግን ምንም አላስቀመጠም።

እዚህ ላይ ነው ከመጽሐፉ ጋር የማልስማማው። ቁጥሩ ለብዙ ጠረጴዛ አይመችም ነበር፣ እሺ። የተሸከመው እውነት ግን ትልቅ ነው። የአንድ ፍልሚያ ክብደት የሚወሰነው በጭራቁ ብቻ አይደለም። ቡድኑ ወደ ፍልሚያው ሲገባ ምን ቀርቶታል የሚለውም ይወስነዋል። ሌቭል 5 ዊዛርድን አስቡ። ሦስተኛ ደረጃ ድግምት ሳያርፍ ሁለቴ ይጥላል። አንድ ፋየርቦል (የእሳት ኳስ ድግምት) በአማካይ 28 ጉዳት ያደርሳል፣ በክቡ ውስጥ ባለው ሁሉ ላይ። በቀኑ ውስጥ አንድ ፍልሚያ ብቻ እንዳለ ካወቀ ሁለቱንም በሁለት ዙር ይለቃቸዋል። ፍልሚያው «ከፍተኛ» ይባል እንጂ አለቀ። ጎራዴ የያዘው ደግሞ ተራው ሲደርስ የሚመታው ያጣል። አምስት ፍልሚያ ካለ ግን ዊዛርዱ ይቆጥባል፣ ባለጎራዴው ዋጋ ያገኛል፣ «ዝቅተኛ» የተባለው አራተኛው ፍልሚያ ሰው ያስጨንቃል። አንድ ዓይነት በጀት፣ አንድ ዓይነት ጭራቅ፣ ሁለት ፈጽሞ የተለያየ ምሽት።

ይህንን አንድ አንቀጽ አስፍቶ ቢያስረዳ ምን ነበረበት? 384 ገጽ አለው!

እኛ ቤት በአንድ ምሽት አንድ ፍልሚያ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ሕግ ይህ ነው፦ ምሽቱ ስላለቀ እረፍት አይገኝም። ሰው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የቀረውን ኤችፒ እና ድግምት ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ካርዶቹ እኔ ጋ ይቀመጣሉ። ረጅም እረፍት የሚሆነው ከተማ ወይም በሚታመን ሰው ቤት ብቻ ነው። ጫካ ውስጥ አጭር እረፍት እንጂ ረጅም እረፍት የለም። እንዲህ ሲሆን የጨዋታው አንድ «ቀን» ሁለት ሦስት ቅዳሜ ይይዛል። የ2014ቱ መጽሐፍ ለዚህ የሚቀርብ አማራጭ ነበረው፤ አጭር እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅም እረፍት 7 ቀን የሚሆንበት። እኛ ያንን ያህል አልሄድንም። ለውጡ ግን ወዲያው ታየ። ነርሷ ክለሪክ ነው የምትጫወተው። ድሮ ፈውሷን እንደ ውኃ ታፈስ ነበር፣ አሁን «ማን ነው ቅድሚያ የሚያስፈልገው?» ብላ ትጠይቃለች። ያንን ጥያቄ በሥራዋ በየቀኑ ስለምትጠይቅ ነው መሰለኝ እንደሷ የሚመልሰው የለም።

ስለ ኤክስፒው ደግሞ። መጽሐፉ ጭራቅ «ማሸነፍ» ሲል መግደል ብቻ ማለቱ አይደለም። ማባረርም፣ መማረክም ይቆጠራል። ያለ ውጊያ የታለፈ ፈተናም በዚያው የፍልሚያ ሰንጠረዥ ተመዝኖ ሊሸለም ይችላል። ይህ ከድሮውም የነበረ ነው፤ በጣም ብዙ ጠረጴዛ ላይ ግን ይረሳል።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ቡድኑ ሌቭል 3 ነበር። የወንዝ መሻገሪያ ላይ ሁለት ኦገርና አንድ በግቤር የሚባል ጭራቅ አስቀምጬ ነበር። 900 ሲደመር 200፣ 1100፤ ለአምስት ሰው 1125 ከሆነው መካከለኛ በጀት ትንሽ ዝቅ ያለ። ለውጊያ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ካርታውም ተስሏል። ባለትዳሮቹ ግን ኦገሮቹ ከመሻገሪያው ማዶ ካለው መንደር ጋር በግጦሽ እንደተጣሉ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሽምግልና ሆነ። ሽማግሌ ተመረጠ። ሁለቱም ወገን ተሰማ። በግ ተከፈለ። ሹፌሩ የኦገሩን እግር አስይዞ ይቅርታ አስባለ። ዳይስ የተጣለው ለማሳመን ብቻ ነው፣ አንድ ጎራዴ አልተመዘዘም። ሲያልቅ 1100ውን ሙሉ ሰጠሁ፣ ለእያንዳንዱ 220። የአክስቴ ልጅ «ሳንዋጋ?» አለኝ። አዎ፣ ሳትዋጉ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ጠረጴዛው ላይ ጥያቄው «እንዴት እንግደላቸው» መሆኑ ቀርቶ «ምን ይፈልጋሉ» ሆኗል።

ኤክስፒ የጨዋታውን ጠባይ እንደሚሠራ የጥንቶቹ ያውቁ ነበር። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ከጉድጓድ ያወጣችሁት አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ኤክስፒ ነበር። ጭራቅ መግደል የሚያስገኘው ትንሽ ነበር። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ጭራቁን ያልፈዋል፣ ያታልለዋል፣ ወርቁን ይዞ ይወጣል። ተጫዋች የሚሸለምበትን ነገር ያደርጋል። መግደልን ብቻ ከሸለማችሁ ገዳይ ታፈራላችሁ።

ፍጥነቱም መታሰብ አለበት፣ በተለይ እንደኛ ሥራ ለበዛበት ሰው። ከሌቭል 1 ወደ 2 ለመውጣት 300 ያስፈልጋል። መካከለኛ ፍልሚያ ለአንድ ሰው 75 ያስገኛል፣ አራት ፍልሚያ ነው። ከ2 ወደ 3 ተጨማሪ 600፣ አሁንም አራት ፍልሚያ። ከ3 ወደ 4 ግን 1800 ነው፣ መካከለኛው 225፣ ስምንት ፍልሚያ። ከ4 ወደ 5 ደግሞ 3800፣ መካከለኛው 375፣ አሥር ገደማ። በምሽት አንድ ፍልሚያ የሚጫወት፣ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚገናኝ ቡድን ከ4 ወደ 5 ለመውጣት አምስት ወር ገደማ ይቆያል። ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

መፍትሔው ኤክስፒን መጣል ነው የሚሉ አሉ፤ ታሪኩ አንድ ምዕራፍ ሲዘጋ ሁሉም ሌቭል ይውጣ ይላሉ። ቀላል ነው፣ አልቃወምም። የ2014ቱ መጽሐፍም በምሽት ቁጥር የሚኬድበት መንገድ ነበረው፦ ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ ሌቭል 2፣ ከሌላ አንድ ምሽት በኋላ 3፣ ከሁለት ምሽት በኋላ 4፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ምሽቱ። እኛ ግን ቁጥሩን እንወደዋለን። በምሽቱ መጨረሻ ኤክስፒ ሲነገር ሁሉም እርሳስ ያነሣል፤ ያ ደስታ አይቅርብኝ። ስለዚህ ከድሮው መጽሐፍ አንድ ሌላ ነገር እዋሳለሁ። ትልቅ ግብ ሲሳካ እንደ አንድ ከባድ ፍልሚያ፣ ትንሽ ግብ ሲሳካ እንደ አንድ ቀላል ፍልሚያ አድርጎ መሸለም። የጠፋች እኅት ብትገኝ ትልቅ ነው። ደብዳቤው ለባለቤቱ ቢደርስ ትንሽ ነው። በዚህ መንገድ የምንወጣበት ፍጥነት በእጥፍ ጨምሯል፣ አንድም ተጨማሪ ጭራቅ ሳይሞት።

የዲኤንዲ ተፎካካሪ ጨዋታ የሆነው «ፓዝፋይንደር ሁለተኛው እትም» የተሻለ ነው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ በሚዛን ብቻ ከሆነ አዎ። እዚያ ሁሉም ሌቭል 1000 ኤክስፒ ነው። የጭራቁ ዋጋ ከቡድኑ ሌቭል አንጻር ይለካል። እኩያ ጭራቅ 40 ነው። በአራት ሌቭል የሚበልጥ 160 ነው፣ ለአራት ሰው ብቻውን የመጨረሻው ከባድ ፍልሚያ። መካከለኛው 80 ነው፣ አምስተኛ ሰው ሲጨመር 20 ትጨምራላችሁ። ኤክስፒው አይካፈልም፣ እያንዳንዱ ሙሉውን ያገኛል። ሰንጠረዡ ያለው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በእርግጥ እንዳለው ይሆናል። ሕጎቹም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ነገር ግን በየተራው የሚታሰበው ነገር ብዙ ነው። ከ12 ሰዓት ሺፍት የመጣች ሴት ፊት ያንን ሁሉ ማስቀመጥ አልፈልግም። ለእኛ ዲኤንዲ ይሻላል።

የመጽሐፉ ሌላው ክፍል፣ በአጭሩ። ለአዲስ ዲኤም የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ግልጽና ደግ ናቸው፤ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚመራ ከድሮው በተሻለ ያስተምራሉ። የአስማት ዕቃዎቹ ብዙ ናቸው። ተጫዋቾች የራሳቸውን ምሽግ የሚገነቡበት ክፍል ባለትዳሮቹን አስደስቷቸዋል። ሥዕሎቹ ያምራሉ። ጭራቆቹ እዚህ ውስጥ የሉም። ለእነሱ በየካቲት 2025 የወጣው፣ ከ500 በላይ ጭራቅ የያዘው «ሞንስተር ማንዋል» ያስፈልጋል፣ እሱም ለብቻው ይገዛል።

እንግዲህ ልግዛ ወይስ አልግዛ ካላችሁ። ዲኤም ሆናችሁ የማታውቁ ከሆነ ግዙት። የ2014ቱ ካላችሁና የምትፈልጉት የፍልሚያና የኤክስፒ ሕጉን ብቻ ከሆነ አትግዙ። በሚያዝያ 2025 የወጣው «ኤስአርዲ 5.2» የተባለው ሰነድ ያንን የበጀት ሰንጠረዥ ይዟል። በነፃ ይወርዳል። የወጣው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለሆነ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ መተርጎምም፣ ማባዛትም፣ ማሻሻልም ትችላላችሁ። የድሮ መጽሐፋችሁን ግን አትስጡ፤ የማባዣው ሰንጠረዥ እና የእረፍቱ ምክር እሱ ላይ ነው ያለው።

እኔ ከሰነዱ ላይ የበጀቱን ሰንጠረዥ በአማርኛ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼዋለሁ። በግራ በኩል ሌቭል፣ በመሃል ሦስቱ በጀቶች፣ በቀኝ በኩል ከሌቭል 1 እስከ 3 የእኔ ማስጠንቀቂያ። ከታች ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ቡድኑ መጨረሻ ያረፈው መቼ ነው? ጭራቆቹ ከተጫዋቾቹ ይበዛሉ? የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ኮሌጁ ውስጥ የራሱን ቡድን ሊጀምር ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጂ የሚወስደው እሱ ነው።